ለበዓል የተገዛችው ቀይ ዶሮ

መስከረም 6 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ አሰበ ተፈሪ

ለእንቁጣጣሽ የገዛኋት ቀይ ዶሮ ሳትታረድ በዓሉ አለፈ። ባሌ እህል ሊገዛ መሰላ ሄዶ ስለቆየ ቤት ውስጥ የሚያርድ ወንድ አልነበረም። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ኦቦ አህመድ፣ እሳቸው ያረዱትን እንደማንበላ እያወቁ፣ «ልረድልሽና ለብቻዬ ልብላልሽ?» ብለው ቀለዱብኝ። ዶሮዋ ግን ሱቄ ድረስ እየተከተለችኝ ሚዛኑ ላይ ወጥታ ማንቀላፋት ለመደች።

ዛሬ ባሌ ተመልሶ ቢላውን መሳል ሲጀምር፣ «ተዋት፣ እንቁላል መጣል ጀምራለች» አልኩት። አልጀመረችም።

«የታለ?» አለኝ። በቅርጫት ከምሸጠው እንቁላል አንዱን አምጥቼ እጁ ላይ አኖርኩለት።

«አሁን ነው የጣለችው?»

«አሁን።»

«ታዲያ እንዴት እንዲህ ቀዘቀዘ?» አለና ሳቁን እየዋጠ ቢላውን ወደ ቦታው መለሰው።

ይህን ስጽፍ እግሬ ስር ተኝታለች። ነገ ብትጥል ደስ ይለኛል፤ ባትጥልም ከቅርጫቱ ሌላ እንቁላል አይጠፋም።