አባዬ የሞተበት ቪዛ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ እንደምን አለች? የመንትዮቹ ጥርስ ወጣ ወይስ ገና እያስለቀሳቸው ነው? እኛ ጤና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ እኔም ስፌቴን እየሰፋሁ አለሁ። አባዬም በሕይወት አለ። ይህን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገኝ አንተ ታውቀዋለህ።

ስልክ ላይ “እማዬ ነገሩን ሁሉ አበላሸችው” ብለህ ስትጮህ የዘጋሁብህ ሆን ብዬ ነው። ትንሽ ብቆይ ከአፌ የማይሆን ነገር ይወጣ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ የሆነውን ልጻፍልህ፤ አንተ እንደሆነ የምታምነው ያን የቪዛ ጉዳይ አስፈጻሚህን ብቻ ነው።

እማዬንና አባዬን ሁለቱንም እወስዳቸዋለሁ፣ እርጅናቸውን በእንክብካቤ ያሳልፋሉ ስትል ከረምክ። አባዬ አመነህ። ግራጫ ሙሉ ልብሱን ይዞልኝ መጣና፣ ከስቻለሁና አጥብቢልኝ አለኝ። ትከሻውን ፈትቼ፣ ወገቡን አጥብቤ፣ ገበሩን ለወጥኩለት። ቀጠሮው ሲደርስ ግን፣ መጀመሪያ እማዬ ብቻ ትግባ፣ የአባዬ ቀስ ብሎ ይደርሳል አልክ። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ሕፃን አዝሎ እሹሩሩ እንደማይል ማን ይስተዋል? እሱ ግን ቅር ሳይለው ልብሱን ለብሶ ሊሸኛት መጣ።

ኤምባሲው እማዬንና ደጋፊዋን እኔን ብቻ ስላስገባ፣ አባዬ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ቀረ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሴትዮ በቋንቋዋ ትጠይቃለች፣ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሳል። ስንት ልጅ አለዎት፣ ልጅዎ ምን ይሠራል፤ እማዬ ሁሉንም ቀጥ ብላ መለሰች። ከዚያ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ባለቤትዎ ያረፉት መቼ ነው?” አላት።

“አሁን ነው። በር ላይ ወንበር አግኝቶ አረፍ አለ፤ ጉልበቱን ያመዋል” አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። “የሞቱትን ማለቴ ነው። ልጅዎ ማመልከቻው ላይ፣ አባቴ በሞት ተለይቷል፣ እናቴ ብቻዋን ቀርታለች ብሏል” አለ። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔም መስማቴ ያኔ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ። ሻሿን አስተካከለችና፣ “ልጄ ዋሽቷል። ባሌ ውጭ አለ፤ ካላመናችሁኝ ጠርታችሁ እዩት” አለች። አንተ አበላሸችው የምትለው ይህንን ነው። ክልከላውን እዚያው ቆመን ሰማን።

አባዬ ምነው ቶሎ ወጣችሁ አለን። እማዬ መዋሸት አታውቅበትም፤ መንገድ ላይ ነገረችው። ቤት ደረስን። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ካደረገ በኋላ፣ “በምን ሞተ አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። ቁጣ የለውም፤ ለማወቅ ያህል ነው። እስቲ አንተ ንገረው። አዋቂው ጉዳይ አስፈጻሚህ በምን በሽታ ገደለው? ወይስ ያንን ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘህም?

ይህ አልበቃህ ብሎ ደግሞ፣ እማዬ መርሳት ጀምሮኛል፣ ያን ቀን ተምታታብኝ ብላ ትፈርም፣ ነገሩ ይስተካከላል ብለህ መልእክት ላክህ። አባትህን ቀበርክና እናትህን ልታጃጅል ተነሳህ። የተመረቅህ ዕለት ከረባት አስረህ የተነሳኸውን ፎቶ ሳሎን ውስጥ ሰቅለነዋል፤ ሳልፍ ሳገድም አየውና፣ ይህ ሁሉ ትምህርት የት ገባ እላለሁ። ሞግዚት ፈልገህ ከሆነ ሞግዚት ፈለግሁ በል። ያኔ እማዬ ራሷ አስባ ትመልስልህ ነበር። እንክብካቤ ምናምን እያልክ ስትሸፋፍነው ነው የናቅሁህ።

እማዬ የምፈርመው የለም ብላለች። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፤ “ልጆቹን የወለዱት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ያሳድጉ። እኔ ባል አለኝ።”

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ነገሩን ማወቋን እርግጠኛ አይደለሁምና እሷን አልወቅስም። መንትዮቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። እማዬ ለእነሱ ሰላም ብላለች፤ ላንተ ምንም አላለችም። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ተይ አትቆጪው ይለኛል። እኔ ግን መጻፌን አልተውኩም። ቆይቶ ደግሞ፣ እዚያ ብርዱ እንዴት ያደርገዋል፣ ደረቱን ይሸፍናል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ።

ጠይቄሃለሁ።

እትዬ የምትላት እህትህ
ከወላጆችህ ቤት፣ ኅዳር 19 ቀን