እማማ እንድሪስ

ይድረስ ለልጄ ለዑምኩልሱም፤ አላህ በሰው አገር ከክፉ ይሸሽግሽ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም ደርሷል። ጦርነቱ ስልኩን ስለቆረጠው ይህን እህትሽ ናት የምትጽፍልኝ።

የልጅሽ የመርየም ክፍት የነበረው ላንቃ ከተሰፋ ወዲህ ቁስሉ ሽሯል፤ «በ» ግን በአፍንጫዋ እየወጣ «መ» ይሆንባታል። አባትሽን «አባባ» ልትል «አማማ» ስለምትለው፣ የሐይቅ ገበያ ሁሉ «እማማ እንድሪስ፣ እንደምን አደሩ» ይለዋል። መምህሯም ፊደል አታውቅም ብላ ወደ ቤት ልትመልሳት ነበር። እህትሽ «እስቲ ‹ቡ›ን ጠቁሚ» ብትላት ወዲያው ጠቆመች። ፊደሉንስ ታውቀዋለች።

ሐኪሙ እንዳለን የዶሮ ላባ ከአፍንጫዋ ስር ይዘን «በ» እናስብላታለን፤ ላባው ከተነቃነቀ ትንፋሹ በአፍንጫ አምልጧል ማለት ነው። አባትሽ ላሳያት ብሎ በራሱ ጢም ላይ ቢይዘው አስነጠሰው።

ሐሙስ ዕለት ላባው ሳይነቃነቅ «አባባ» አለችው። እሱ ዞር አላለም። ደግማ ጠራችው።

«ማንን ነው የምትጠራው?» አለኝ፤ እማማነቱን ለምዶት። ሲገባው ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስልኩ ሲመለስ መርየም ታነብልሻለች። አደራ ልጄ፣ ቃሉን ቀድመሽ አትጨርሺላት፤ ጠብቂያት። አላህ ድምፅሽን ለጆሯችን፣ አንቺንም ለደጃችን ያብቃልን።

እናትሽ