ከብርድ ልብሱ የተረተርኳት ሰማያዊ ጨርቅ

ልጄ ሶልቬይ፣ እዚያ አምስተርዳም የእግዚአብሔር ዓይን አይለይሽ። እኛ ሚኒሶታ ደህና ነን። በረዶው የጎተራውን ጣራ አፈረሰው፤ አባትሽም ስላንቺ ማውራት ትቷል። የቤተክርስቲያናችን ሴቶች እንደ ደንቡ ከአሮጌ ቀሚሶቻችን ቁራጮች ገጣጥመው የሰፉልሽን የሰርግ ብርድ ልብስ ለአክስትሽ ልጅ ሰጠኋት። እሷ ያገባችው ወንድ ነው። አንቺ ከሴት ጋር የፈጸምሽውን የአገሩ ሕግ ፈቀደው እንጂ እኔ ሰርግ አልለውም።

«እማዬ፣ መርጬው አይደለም» ብለሽ ጻፍሽልኝ። አታሞኚኝ። ባንቺ ዕድሜ ሳለሁ ጓደኛዬ አርሊን «አብረን ቺካጎ እንሂድ» ብላ እጄን ይዛ አለቀሰች። እኔ ግን አባትሽን መረጥኩ። ይኸው እስከ ዛሬ በየማለዳው እየመረጥኩት አለሁ። አንቺም አያቅትሽም።

ጌታ ልብ ይስጥሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ብርድ ልብሱን ከመስጠቴ በፊት የአርሊንን ሰማያዊ ቀሚስ ቁራጭ ተርትሬ አስቀርቻታለሁ። እሷን ቁራጭ ስጪኝ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።