የሳክሰኑ ንጉሥና የኛ ሰባት ቤት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018

ዛሬ ቤቲዬ ራሷ ደወለችልኝ! ልጄ ኮሌጅ ዶርም ከገባች ወዲህ እዚህ ውጭ አገር፣ ሴዳር ሰፈር ያለው ቤቴ ከባቡሩ ድምፅ በቀር ጭር ብሎብኛል። ለክላስ ስለ አንድ የጥንት እንግሊዝ ሳክሰን ንጉሥ እየጻፈች ነው። ሰውዬው አባቱ ሲሞት የእንጀራ እናቱን አገባ አለችኝ።

«በስመ አብ! እኛ እኮ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው» አልኳት።

«ሪሊ? የኛን ቁጠሪልኝ ማሚ፣ ልጻፈው።»

ከአባቴ ጀምሬ ወደ ላይ ቆጠርኩላት። ስሞቹን መጥራት ሲያቅታት ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። እንዲህ ካወራን ስንት ጊዜያችን! ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ግን፣

«ሰባተኛው ጠፋኝ የኔ እናት፤ ነገ ደውዪልኝ፣ እስከዚያ አስታውሳለሁ» አልኳት።

«ኦኬ ማሚ፣ ባይ» ብላ ዘጋች።

ሰባተኛው ጎሹ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠፍቶኝ አያውቅም። ነገ ትደውል ይሆን...