የማይነሳው ሰፌድ

እቴቴ፣ እናቴ፤

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። አፈሩ ይቅለልሽ። እኔና እህቴ ደህና ነን፤ የቡሬው ቤታችንም ቆሟል። ጓሮ የተከልሽው ጌሾ አጥር አልፎ ከጎረቤት ያጨቃጭቀናል። ቀበሌ አንድ ለአምስት ተደራጁ ብሎ፣ አንቺ ከሩቅ ስታዪያት መንገድ ከምትቀይሪላት ሴትዮ ጋር ጠርንፎኛል።

እኔ አሁንም እዚያው መጋዘን፣ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ግድግዳ ሥር ኑግ አበጥራለሁ። የምትስቂበት ነገር ልንገርሽ። ያን ሁሉ ዘመን ለዘይት ነው እያልሽ ያበጠርሽው ኑግ ባሕር ተሻግሮ የወፍ ቀለብ ነው የሚሆነው አሉ። የፈረንጅ ወፍ! ደምበጫ ገጠር ማማ ላይ ወጥተሽ ከአዝመራው ወፍ ስታባርሪ ያደግሽ ሴት፣ በስተርጅና ለወፍ ቀለብ ስታበጥሪ ኖርሽ። ብትሰሚው እስኪያስልሽ ትስቂ ነበር።

ሳሉ ግን አያስቅም። አቧራው ደረትሽን ሲበላው አይቻለሁ። በመጨረሻው በጋ ፍኖተ ሰላም ለሕክምና ስንመላለስ ሰፌድሽ ከቦታው አልተነሳም። በደንባችን ሴቶቹ ካበጠሩት ላይ አንዳንድ እፍኝ እያነሱ ያንቺ ክምር ላይ ጨመሩ፤ ማታ ሲመዘን እንደ ሠራሽ ተቆጠረልሽ። መድኃኒትሽ የተገዛው በዚያ ነው። አንቺም በደህናው ቀን ለስንቷ አራስ፣ ለስንቷ ሐዘንተኛ ጨምረሻል። ብድር በምድር ነው።

የዛሬ ወር ገደማ ኑጉን የሚገዙት የውጭ ነጋዴዎች የላኳቸው ሰዎች አስተርጓሚ ይዘው መጡ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ደላላ መካከል ገብቶ እንዳይቆርጥብን፣ ስማችን እንዲመዘገብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሰጠን የሚል ውል አዘጋጅተዋል። መሸፈኛውን በካርቶን ሞልቶ ሳየው አንቺን አሰብሁና እንባዬ መጣ። ሴቶቹ ተወካይ አድርገው መርጠውኛልና ፈራሚዋ እኔ ነበርሁ።

ከዚያ የይርገዱን ሰፌድ አዩ። ይርገዱ፣ አጠገብሽ ትቀመጥ የነበረችው፣ ያን ሰሞን ወልዳ ተኝታለች፤ ባሏ ትቷት ሄዷል። ባለሰፌዷ የት ናት አሉኝ። አራስ ናት አልኋቸው። ላልሠራ ሰው መክፈል በውሉ ማጭበርበር ነው፣ ሰፌዱ ይነሳና ፈርሚ አሉኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ዘወር ብዬ ሴቶቹን አየሁ። አንዷም ቀና አላለች፤ እጃቸው ግን ወደ ይርገዱ ክምር መሄዱን አላቆመም።

አልፈረምሁም እቴቴ። እሷ ባትሠራ እኛ ሠርተንላታል፣ ይህን ውሉ ላይ ጻፉልንና እፈርማለሁ አልሁ። አለቆቻችንን እንጠይቅ ብለው ካርቶኑን ይዘው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ነጠላችንን አፋችን ላይ ጠምጥመን እናበጥራለን። አንዷ በሳለች ቁጥር ሁሉም ወደ እኔ የሚያዩ ይመስለኛል። እኔም ማሳል ጀምሬያለሁ። ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም፤ እንዲህ ያለውን የምጠይቀው አንቺን ነበር፣ ያጣሁትም አንቺን ነው።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ በቅዳሴ ስምሽን እናስጠራለን። እኔ ግን የማስታውስሽ ያን ቀን ብቻ አይደለም። ይርገዱ ገና ከአራስ ቤት አልወጣችም። ነገ ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ክምሯ ላይ የመጀመሪያውን እፍኝ የምጨምረው እኔ ነኝ።

ልጅሽ