ፀጋ አልተገኘም

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 1፣ 2016። ጠዋት 8፡10፣ ትሪክ (የመንገድ ባቡር) ላይ

እንደገና አነበብኩት። ለመ/ቤታችን ብሎግ የጻፍኩትን ማለቴ ነው። ርዕሱ የፍለጋ ሳጥን። ሰው አንድን ቃል በተለያየ ፊደል ሲጽፈው ፕሮግራሙ እንዴት አንድ አድርጎ ያየዋል፣ እሱ ነው ጉዳዩ። ስንት ሺህ ፕሮግራመር ጽፎታል! ከእኔ አሳምሮ፣ ከእኔ ቀድሞ።

ትናንት ለሄንሪክ አሳየሁት። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። ማትፓከውን፣ ከቤት የቋጠረውን ዳቦ፣ እያኘከ አነበበና አዲሱ ነገር የቱ ጋ ነው አለኝ። በቃ ይኸው ነው ያለው። የእኔ ፊት ግን በርበሬ መሰለ። ገና ረቂቅ ነው ብዬ ኮምፒውተሬን ዘጋሁ።

አንተ ደብተር፣ ለአንተ እንኳ ልናዘዝ። አዲስ ነገር የለውም። ምሳሌዎቹ ሁሉ ፈረንሳይኛ ናቸው፤ ባለ ጭረቱን ፊደል እንደ ተራው ቁጠር ምናምን። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም። ከሌሎች ላይ ነው የለቀምኩት።

ረቡዕ፣ ኖቬ. 2። ምሳ ሰዓት

አለቃዬ ጽሑፉ የት ደረሰ አለች። ጊዜ አጣሁ አልኳት። ውሸት። ረቂቁን ዛሬ ጠዋት ሰርዤዋለሁ። አይዞሽ፣ አይቸኩልም አለችኝ። ደግ ስትሆንብኝ ባሰ። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ኖቬ. 6። ከሰዓት 3፡40፣ ስቶቭነር፣ ቤት

ጉድ ሆንኩ ዛሬ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ቤ/ክርስቲያናችን ላምበርትሴተር የተከራየነው አዳራሽ ነው። የመዝሙር ፕሮግራሙን በጋ ላይ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቃል ትጽፋለህ፣ መዝሙሩ ግድግዳው ላይ ይወጣል። መዝሙሮቹን በሙሉ የተየበው አባቢ ነው። ዲያቆን ነው፣ ፊደል ላይ ቀልድ አያውቅም። እሑድ እሑድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ጋሽ መስፍን ነው። ደሴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ እዚህ አውቶቡስ ይነዳል። በሃምሳ ዓመቱ በእረፍቱ ፕሮግራሚንግ ይማራል።

ስብከቱ ስለ ጸጋ ነበር። ሲያልቅ የመዘምራን መሪዋ ሳይታሰብ በጸጋ የሚጀምረውን አውጡልን አለች። ጋሽ መስፍን በፀሐዩ ፀ ጻፈው። አባቢ ደግሞ በጸሎቱ ጸ ነው ያስገባው። ግድግዳውን ሙሉ፣ በትልልቁ፦

«ፀጋ አልተገኘም።»

ጉባኤው ፊት! ከኋላ ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጋሽ መስፍን ደንግጦ ደገመው። አሁንም ፀጋ አልተገኘም። ሰባኪው ጸጋ ከጠፋ ታዲያ ምን ቀረን ወገኖቼ ብሎ ሁሉንም አሳቀ። አባቢ ከፊት ወንበር ዞሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አስተማሪ ነበርኩ ትል የለም እንዴ፣ የጸሎቱ ጸ ነው እንጂ አለው። ሳቁ ባሰ። ጋሽ መስፍን ከወንበሩ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ቆሞ ነው!

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሁለቱን ጸ አንድ አድርጎ መቁጠር የነበረበት ፕሮግራሙ ነው። ይህንኑ አይደል እንዴ ሰሞኑን በፈረንሳይኛ ምሳሌ ስሞነጫጭር የነበርኩት? የራሴ ፕሮግራም ውስጥ ግን አልጨመርኩትም። ማን የማያውቀው ነገር ነው ብዬ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ስልኬን አየሁ።

ከአገልግሎት በኋላ ወደ እኔ መጣ። ፕሮግራምሽን አሰደብኩብሽ፣ ፊደሌን አጠናለሁ፣ ይቅር በይኝ አለኝ። እኔን! እኔስ ምን አልኩ? ምንም ችግር የለም፣ ጋሼ።

ይቅር አልኩት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረ።

ሰኞ፣ ኖቬ. 7። ምሳ ሰዓት

አስተካከልኩት። ሀ ሐ ኀ አንድ። ሰ ሠ አንድ። አ ዐ አንድ። ጸ ፀ አንድ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ለሃያ ደቂቃ ሥራ አንድ ትልቅ ሰው ተዋረደ።

ለማንም አልነገርኩም። እሑድ ይሠራል፣ ማንም ልብ አይለውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ግን እየነቀዘ ነው፤ ማትፓከዬን መብላት አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬ. 10። ከሰዓት 2፡15፣ ስቶቭነር ሴንተር፣ ካፌ

ጋሽ መስፍን አሁን ሄደ። የሥራ ፈረቃው ከመድረሱ በፊት እንገናኝ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ዛሬ ከቤት ነው የምሠራው፣ ወረድኩ። የአውቶቡስ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ደብተር አወጣ። ከመዝሙሮቹ በጸ የሚጻፉትን በአንድ ወገን፣ በፀ የሚጻፉትን በሌላው ወገን፣ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ እጁ ገልብጧቸዋል። ሊሸመድድ! ስንት ገጽ!

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ዙሪያውን ዞርኩ። ለኮምፒውተር ፊደል ሁሉ ቁጥር ነው፣ ጸ አንድ ቁጥር ፀ ሌላ ቁጥር፣ ስለዚህ አይተዋወቁም አልኩት። የሒሳብ ሰው አይደል? ቶሎ ገባው። እኩል ናቸው ብሎ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሰው ማን መሆን እንደነበረበት ገባው። ደብተሩን ቀስ ብሎ አጠፈው። ሻዩን ጠጣ።

ይህ ነገር የት ተጽፏል ብሎ ጠየቀኝ። ሺህ ሰው ጽፎታል ጋሼ አልኩት። እሱ ግን ያነበበው ሁሉ የፈረንጅ ፊደል ላይ ያለ ጭረት ነው፣ የእኛንም ፊደል እንደሚመለከት በምን ይወቅ? በአማርኛ የተጻፈ ካለ ላኪልኝ ብሎ ሄደ።

እስካሁን እየፈለግኩ ነው። አንድም አላገኘሁም። ለካ ሺህ ሰው ጻፈው ስል የኖርኩት ሄንሪክ የሚያነበውን ብቻ ቆጥሬ ነው። እኔ ራሴ ከአባቴ ጋር የምጻጻፍበትን ፊደል ረቂቁ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አላስገባሁም። ለምን? መ/ቤት ውስጥ የውጭ ሰው እንዳልመስል። ይህንን ስጽፍ እንኳ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ኖቬ. 12። ከሰዓት 2፡00

እየጻፍኩ ነው። በአማርኛ። ላብ በላብ ሆንኩ፤ ግማሹን የሙያ ቃል አላውቀውም፣ የማላውቀውን በተራ ቋንቋ እየዞርኩ እገልጻለሁ። ኖርስኩንም፣ ኖርዌይኛውን፣ ጎን ለጎን።

አባቢ ከኋላዬ ቆሞ «ሀይል» ያልኩትን «ኃይል» ብሎ አረመኝ። ምንድን ነው የምትጽፊው አለ። ነገርኩት። ሁሉንም። የእሑዱ ስህተት የእኔ ነው፣ ጋሽ መስፍን በሁለቱም ቢጽፍ መገኘት ነበረበት አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ከተስተካከለ በቃ ተይው አለ። ሁለት ጸ እንዳለ የማያውቅ ማን አለና ይጻፋል? ይሉኝታ የለሽም ወይ፣ ገመናችንን ኢንተርኔት ላይ? በእኔ አልነበረም የተቆጣው። በማን ላይ ሰው እንዳሳቀ ትዝ ብሎት ነው። በሩን ዘግቶ ክፍሉ ገባ፣ ለምሳም አልወጣ።

ያው ቀጠልኩ። ይሉኝታዬን ስንከባከብ አይደል ሰው ያስወቀስኩት?

እሑድ፣ ኖቬ. 13። ጠዋት 9፡20

አለቀ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ ቁልፉን የነካው ሰው አልተሳሳተም፣ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የኖርስኩን ለአለቃዬ ላክሁ። ጊዜ አጣሁ ያልኩሽ ውሸት ነበር የሚል መስመር ጨምሬ። ሄንሪክ አዲሱ የቱ ጋ ነው ካለኝ፣ ለአንተ የለውም እለዋለሁ።

ስሙን ላንሳ ወይ ብዬ ለጋሽ መስፍን ደወልኩ። አነበብኩለት። በስልክ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጥሩ ነው፣ ገባኝ አለ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ የሳቁት ሰዎች ግን ብሎግ አያነቡም ልጄ አለኝ።

መልካም ሰንበት ብሎ ዘጋ።

አወጣሁት። በስሜ፣ የእሱን ሳላነሳ። ግን እውነቱን ነው፤ የሳቁት አዳራሹ ውስጥ ናቸው። በማስታወቂያ ሰዓት መነሳት አለብኝ። ማስታወቂያ የሚያነበው ደግሞ አባቢ ነው።

አሁን ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል፣ ቴባነው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሊያመልጠን ነው። ዛሬ ማይኩን ስጠኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ቀና ሲል፣ እሰጥሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፣ ያዋረድኩት እኔ ነኝ አለ።

እሺ። እሱ፣ ከዚያ እኔ። እየጠራኝ ነው፣ ልነሳ።