አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ታማሚዋ ወዴት ትሂድ?

በሌላ አገር ተምረው ሐኪም የሆኑ ሰዎች አሜሪካ ገብተው ልዩ ትምህርት ለመማር የሚገባቸው መሆን አለመሆኑን፣ ከባሕር ማዶ ተቀምጣችሁ በፈተና ለምትለዩ ክቡራን የቦርድ አባላት፤
ባላችሁበት።

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተን፣ የባለቤቶቻችሁንና የልጆቻችሁን ጤና፣ እንደዚሁም ከብት ካላችሁ የከብቶቻችሁን ደኅንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። በእናንተ ፈተና ለሰላምታ የተመደበው ጊዜ አንድ ትንፋሽ ያህል እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሰላምታ ብዛት ነጥብ የሚቀነስብኝ ከሆነ ከወዲሁ ተቀንሶ ይያዝልኝ። በእኛ አገር ጤና ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው ወይ ቤቱ እየተቃጠለበት ነው፣ ወይ አበዳሪው እየተከተለው ነው።

እኔ ወርቅነሽ እባላለሁ። የምኖረው ደብረ ታቦር ሲሆን በግቢዬ ያሉትን ክፍሎች እያከራየሁ፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እየሸጥሁ እተዳደራለሁ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለድሁም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛን ያገኘሁት መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ከሚገባው ወረቀት፣ ተከራዮች ሲለቁ ጥለውት ከሚሄዱት መጽሐፍና የሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ እየለቃቀምሁ ነው። ስለዚህ ስለ ራስ ምታትና ስለ ማቅለሽለሽ የሚባለውን ሁሉ እረዳለሁ፤ ስለ ሰርግና ስለ ዝናብ ግን ብዙ ቃል የለኝም።

የምጽፍላችሁ ከግቢዬ ሰው ስለወሰዳችሁ ነው። ዶክተር ፍቅርተ የሕፃናት ሐኪም ናት። አገሯ ይርጋለም ሲሆን እዚህ ተመድባ መጥታ ሰባት ዓመት በጓሮ ክፍሌ ኖረች። ፈተናችሁን አለፈችና ሄደች። ለዚህ ሁሉ ውለታችሁ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ፤ ቅሬታ የሚመስል ነገር ከተቀላቀለበት ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የተማርሁባቸው ወረቀቶች ነው።

፩ኛ፦ ትሕትናን ስላስተማራችሁልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ዶክተር ፍቅርተ ሐኪም ከሆነች፣ ከዚያም በሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ከሆነች በኋላ ነበር ፌሎሺፕ የሚሉትን የሕፃናት ልብ ሕክምና ትምህርት ለመማር የተነሣችው። ከገሳይ ከተማና ከዚያም ወዲያ ካሉ ገጠሮች፣ ሲያለቅስ ከንፈሩ የሚጠቁር ሕፃን ታቅፈው የሚመጡባት እናቶች ነበሩ። ደረቱን አዳምጣ በሽታውን ትለየዋለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ አዲስ አበባ ይሂድ ብላ ከመጻፍ በቀር እጇ ባዶ ነበር። ያን ባዶ እጅ ልትሞላ ብትነሣ፣ እናንተ መጀመሪያ ሐኪም መሆንሽን ከሥሩ አረጋግጪልን አላችኋት፤ ገና ተማሪ ሳለች አንብባ ያለፈችውን የሰውነት ኬሚስትሪ ሁሉ እንደገና ሸመደደች። እዚህ እኛ ዘንድ አቋቋም ያስመሰከረ መሪጌታ ወደ ሌላ ደብር ቢሻገር ዜማውን ያደምጡታል እንጂ ሀ ሁ ቁጠር አይሉትም። ለካ ያላወቅነው እኛ ኖረናል።

፪ኛ፦ ለቀጠሮ አክባሪነታችሁ አመሰግናለሁ። መንገድ በተዘጋበትና ኔትወርክ በጠፋበት ወራት ዶክተር ፍቅርተ ለፈተና ተነሥታ ሐሙሲት ከተማ ላይ ሚኒባሱ ተመለሰ። ቀኑ ይዛወርላት ዘንድ ስታመለክት፣ ምክንያቷን ከሕመም፣ ከቤተሰብ ሞትና «ሌላ» ከሚለው እንድትመርጥ ፈቀዳችሁላት። «ሌላ» የሚለውን መርጣ መንገድ የለም ብላ ጻፈች። እናንተም ከልብ አዝናችሁላት በሌላ መንገድ እንድትሞክር መከራችኋት።

፫ኛ፦ ከታማሚ ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገርን የምትፈትኑበት ክፍል አላችሁ። ሐኪሟ አንድ ካርድ ትይዛለች፤ ታማሚ መስሎ የሚቀመጠው ሰው ሌላ ካርድ ይይዛል፤ አምስት ደቂቃ ይነጋገራሉ፤ ጊዜው ሲያልቅ ነገሩ ያበቃል። ዶክተር ፍቅርተ የምትለማመድበት ታማሚ አጣች። ሆስፒታል የሞሉት እውነተኛ ታማሚዎች የሚታመሙት በአማርኛ ስለሆነ ለዚህ አልበቁም፤ ባልደረቦቿም ፋታ አልነበራቸውም። ስለዚህ እኔ ታመምሁ። ክረምቱን ሙሉ፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ፣ በረንዳዬ ላይ ታመምሁላችሁ። ቢራ የሚያበዛ ሪህ ያለበት ሾፌር ሆኛለሁ፤ ልጄን አላስከትብም ያልሁ የባንክ ሠራተኛ ሆኛለሁ፤ ጎልፍ ስጫወት ትከሻዬን ወለም ያለኝ ጡረተኛ ሆኛለሁ። ጎረቤቴ ጌጤ ማቃሰቴን በሰማች ቁጥር በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ዛሬስ ምንሽን ነው?» ትለኛለች፤ «ትከሻዬን፣ ኳስ ስመታ» ስላት፣ «ተመስገን በይ፣ ትናንት ሽንት ከልክሎሽ አልነበር! አንቺ እኮ በሰው በሽታ ልትሞች ነው» እያለች ስትሥቅብኝ ከርማለች።

ነገር ግን የደንባችሁን ማማር ሳልመሰክር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ሐኪሟ በር ታንኳኳለች፤ ከታማሚዋ እኩል ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ በስሟ ትጠራታለች፤ ሳታቋርጥ ትሰማታለች፤ ከዚያም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቅዎ ምንድን ነው ብላ ትጠይቃታለች። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም፤ እናንተ ግን በአንድ ክረምት ደጋግማችሁ አስጠየቃችሁልኝ። የመለስሁት ካርዱ እንዳዘዘኝ ስለ ጎልፍና ስለ ቢራ ነው። አንድ ቀን ካርዶቹ አለቁና ዶክተር ፍቅርተ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ከራስዎ ያምጡ» አለችኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ብዙ ካሰብሁ በኋላ፣ ይህች ታማሚ ምንም ጭንቀት የላትም አልኋት። «እንዲህማ አይሆንም፤ እርስዎ ካልተጨነቁልኝ እኔ ነጥብ ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። ሣቅን። ከዚያም ሌላ ካርድ ፈልጋ አመጣችልኝ።

፬ኛ፦ ክፉ ወሬ መንገር። ከካርዶቻችሁ ሁሉ የከበደኝ ይህኛው ነው። በእኛ አገር መርዶ ለአንድ ሰው ለብቻው አይነገርም። ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ሰው የሞተባት ሴት ማታ እህል መቅመሷን በጎረቤት ያስጠይቃሉ፤ ስትወድቅ የሚደግፋት ሰው ከኋላዋ ይቆማል፤ የነገሯትም ነግረዋት አይሄዱም። በእናንተ ደንብ ግን ሐኪሟ ተቀምጣ፣ ታማሚዋ እስካሁን የምታውቀውን ጠይቃ፣ ከባድ ነገር ሊመጣ መሆኑን በአንድ ቃል አስቀድማ፣ ትነግራታለች፤ ዝም ትላለች፤ በመጨረሻም አብሮሽ እንዲሆን የምትፈልጊው ሰው አለ ወይ ትላታለች። ይህ ሰውን ራቁቱን ብርድ ላይ እንደ ማውጣት ነው ብዬ ብከራከር ዶክተር ፍቅርተ፣ «እናንተ ዘንድ አገር ሁሉ ሰምቶ የሐዘኑ ባለቤት ናት መጨረሻ የምትሰማው፤ ይኼስ ደግ ነው እትዬ?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ባሌ ሙላቴ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ የሞተ ዕለት እኔ ገበያ ላይ በርበሬ ስሸጥ ውያለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል። ያን ቀን ዋጋ የተከራከረኝ ሰው አልነበረም፤ ገበያው ቀናኝ ብዬ ደስ እያለኝ ቤቴ ገባሁ። የነገሩኝ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ነው። ስለዚህ ደንባችሁን ወደድሁት፤ ዶክተር ፍቅርተ አንድ ቃል ብትዘል እንኳ መልሼ አስጀምራት ነበር።

በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ፍቅርተ መጥታ፣ በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ አንኳኳች። በርጩማ ስባ ከእኔ እኩል ዝቅ ብላ ተቀመጠች። እትዬ ማለቷን ትታ «ወይዘሮ ወርቅነሽ» አለችኝ። «ስለ ፈተናው ውጤት እስካሁን የሰሙት ነገር አለ?» ስትለኝ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አውቀው ነበር፤ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ አብረን ተመላልሰናል። የምነግርዎ ነገር ሊከብድዎ ይችላል አለች። ከዚያም አለፍሁ፣ ትምህርቱንም አገኘሁ፣ ሰኔ ሳይገባ እሄዳለሁ አለች። ዝም አለች። ዝምታዋ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ ነበር። ከዚያም «አብሮዎ እንዲሆን የሚፈልጉት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡራን፣ በካርዶቻችሁ ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሁልጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ ባል ውጭ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ወይም ልጅ ከሌላ ከተማ እየመጣች ነው። እኔ እጄን አየሁት፤ ካርድ አልያዘም። የምጠራት ሰው ጠያቂዋ ራሷ ነበረች።

ነገሩ መርዶ አይደለም፤ የምሥራች ነው። ስለዚህ ተነሥቼ እልል አልሁ። ጌጤ እልልታዬን ሰምታ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና «ተመስገን፣ ዛሬስ ዳንሽ መሰል!» አለችኝ። ዶክተር ፍቅርተ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች አለቀሰች፤ ይህ በእናንተ ደንብ ነጥብ ያስቀንስ እንደሆነ አላውቅም።

አምስተኛው ምስጋናም ቅሬታም አይደለም፤ ጥያቄ ነው። አምስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ታማሚዋ ወዴት ትሂድ? ዶክተር ፍቅርተ ትታልኝ የሄደችውን የመለማመጃ መጽሐፍ እስከ ጀርባው ገልብጬዋለሁ። ሐኪሟ ወደሚቀጥለው ካርድ እንደምትሸጋገር ተጽፏል፤ ስለ ታማሚዋ ግን አንድ መስመር የለም። በእኛ አገር ለሞተ እድር አለው፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሰው ከሐዘንተኛ ጋር ያድራል። ለተከራይ ይህ ሁሉ የለም። ተከራይ ሲለቅ ክፍሉ ተጠርጎ ሌላ ይፈለጋል። እናቷ አይደለሁ፣ አክስቷ አይደለሁ፤ ያገኘኝ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል፤ እኔም እንኳን አብሮ ደስ አለን እያልሁ ኖሬአለሁ። ጌጤ አጥሩ ላይ ካልመጣች ከጠዋት እስከ ማታ የገዛ ድምፄን የማልሰማበት ቀን አለ። ኔትወርክ ሲኖር ዶክተር ፍቅርተ ትደውልልኛለች፤ የሚያስጨንቀኝን ስትጠይቀኝ ሁሉ ደኅና ነው እላታለሁ፤ እዚያ ያለውን በረዶ ትነግረኛለች። ተምሬ ስጨርስ እመለሳለሁ ብላኛለች። እሷ ብላለችና አምናለሁ፤ እንደምትለቅቋት ግን ለእናንተ ዋስ የሚሆነኝ ሰው አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ውባንተ የምትባል እናት ልጇን አዝላ ከገሳይ መጥታ የግቢዬን በር መታች። ሐኪሟ ሄዳለች ብለው ሆስፒታል ቢነግሯት አላመነችም፤ ቤቷን አጠያይቃ ነው የመጣችው። የልጁ ከንፈር ጥቁር ነበር። ካስቀመጥኋት በኋላ ከእሷ እኩል ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁ፤ የሰማችውን ጠየቅኋት፤ ከባድ ነገር ልነግራት መሆኑን አስቀድሜ፣ እውነት እንደሄደች ነገርኋት። ዝም አልሁ። አብሮሽ እንዲሆን የምትፈልጊው ሰው አለ ስላት፣ «እታለም፣ እዚህ አገር ከአንቺ በቀር ማንን አውቃለሁ?» አለችኝ። አምስቱ ደቂቃ አለቀ፤ እሷ አልሄደችም፤ እኔም አላሰናበትኋትም። ምሥር ወጥ ነበረኝ፤ በላን። ልጁን ከጓሮው ክፍል አስተኛንና እኛ ደጃፉ ላይ ስለ እህሉ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጁ አወጋን። ጠዋት ባጃጅ ይዘን ወደ ሌላ ሐኪም ወሰድነው። ወደ አዲስ አበባ ይሂድ ተብሎ ተጻፈለት፤ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ከተራው በፊት የሚሆነውን ማንም አልነገረን።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ፈተናችሁ ላይ አንድ ካርድ ጨምሩ። ካርዱ ላይ «ነግረሃታል፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም» የሚል ይጻፍበት፤ ሰዓት አይያዝበት። ዶክተር ፍቅርተን የሚያህል ሰው በሰዓት ስትፈትኑ ከርማችኋልና አንድ ጊዜ ያለ ሰዓት ብትፈትኑ ደንባችሁ አይጎድልም።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለፈተናችሁ መቃናት ክረምቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ የታመመችላችሁ፣ በገዛ ሰውነቷ ግን ሕመም እንዳለባት ያልተጠየቀች፣

ታዛዣችሁ ወርቅነሽ
ከደብረ ታቦር

ማስታወሻ፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ የምትሰጡኝ ከሆነና መልሱ ክፉ ከሆነ እባካችሁ ለእኔ ለብቻዬ አትላኩት። ለጌጤና ለነፍስ አባቴ ላኩላቸው፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይምጡልኝ። ደግ ከሆነ ግን በቀጥታ ለእኔ ጻፉልኝ፤ የምሥራችን ለብቻ መስማት ከእናንተ ተምሬአለሁ።